መሠረት ሲቆፈር የጥንት አጥንት ቢወጣ፦ የሟቹን የጤናና የኑሮ ታሪክ ሳያጠፉ ማቆየትና ማንበብ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በገላን፣ በኮዬ ፈጬ በኩል በየቀኑ መሬት ይቆፈራል። የቤት መሠረት ነው፣ የሴፕቲክ ታንክ ጉድጓድ ነው፣ የውሃ መስመር ነው። ከጉድጓዱ አጥንት ብቅ ሲል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱን ለቅሞ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታል። በክብር ልያዘው ብሎም ያጥበዋል። ከዚያ ሌላ ቦታ ይቀብረዋል፣ ወይም ተሸክሞ ወረዳ ይሄዳል።

ሐሳቡ ቅን ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ያ ሰው በልጅነቱ ተርቦ እንደሆነ፣ ምን እንዳመመው፣ ምን ሲበላና ምን ሲሸከም እንደኖረ የሚናገረው መረጃ አጥንቱ ላይ ብቻ አይደለም። አጥንቱ በተኛበት አኳኋን፣ በተጣበቀው አፈርና በጥርሱ ላይ በደረቀው ቆሻሻ ውስጥም አለ። ማዳበሪያና ውሃ እነዚህን ሦስቱን ያጠፋሉ። አንዴ ከጠፉ ደግሞ በምንም መሣሪያ አይመለሱም።

ይህ መመሪያ ለቤት ሠሪ፣ ለፎርማን፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለመምህርና ለወረዳ የባህል ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች ማቆያ ናቸው። ቀጥሎ በዓይን ማንበብ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ርክክቡ አለ።

አንድ ገደብ አስቀድሞ። ማውጣት የእናንተ ሥራ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድን ይከለክላል። በግንባታ ላይ ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካ ማቆየት አለበት። የእናንተ ድርሻ ማቆም፣ መከለል፣ መመዝገብና ሳይነኩ ማየት ነው።

## ከቁፋሮ በፊት የሚዘጋጅ

አንድ ካርቶን ሳይት ላይ ይቀመጥ። ውስጡ ሸራ፣ ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ይኑር። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ ይሻላል። የወረቀት ከረጢት፣ ያገለገለ ጋዜጣ፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ የሕክምና ጓንትና ማስክ ጨምሩ። ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው።

ፕላስቲክ ከረጢት ካርቶኑ ውስጥ አታስገቡ። ካለ ሰው ይጠቀምበታል። እርጥብ አጥንት በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ ሻጋታ ያወጣል።

ለቆፋሪዎቹ ጠዋት አንድ ነገር ንገሯቸው፦ «አጥንት ካያችሁ አቁሙና ጥሩኝ፤ የቀን ሒሳባችሁ አይቀነስም።» ሠራተኛ አጥንትን ዝም ብሎ የሚያሳልፈው ሥራው ቆሞ ክፍያው እንዳይቀር ስለሚፈራ ነው። ይህን ፍርሃት ካላነሣችሁለት የቀረው መመሪያ ሁሉ ዋጋ የለውም።

## ደረጃ 1፦ አቁሙ

1. ዶማውም ኤክስካቫተሩም ይቁም። ማሽኑ አፈር ዝቆ ከያዘ ከሌላው ክምር ጋር አይቀላቀል። ለብቻው ሸራ ላይ ይዘርገፍ።
2. ሰው ከጉድጓዱ ይውጣ። የአቃቂና የገላን ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጉድጓዱ ግድግዳ በድንገት ይናዳል። ከአጥንት ከሚመጣ በሽታ ይልቅ የሚገድለው ይኸኛው ነው። ግድግዳው ከደረት በላይ ከሆነ ማንም አይግባ።
3. በሁሉም አቅጣጫ ሁለት ሜትር ያህል ትታችሁ በሲባጎ ክለሉ።
4. ብቅ ያለውን አጥንት አትሳቡ። የጭን አጥንት ሲሳብ ጫፉ ጉልበት ጋ ተቆርጦ ይቀራል። የመገጣጠሚያ ሕመምና የዕድገት ምልክት ያለው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ኮንትራክተሩ «አላቆምም» ካለ። አትጨቃጨቁ። ሥራውን ወደ ሌላኛው የቦታው ጫፍ እንዲያዞር ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ግጭቱ የሚነሣው «ሥራ ይቁም» ከሚለው ቃል ነው። አንዱን ጥግ ለጥቂት ጊዜ መተው ሌላ ነገር ነው።

## ደረጃ 2፦ ሦስቱን ጥያቄዎች መልሱ

ሰው ነው ወይስ እንስሳ? ጥርስ ካለ ቀላል ነው። የሰው መንጋጋ ጥርስ አጭርና ጉብ ጉብ ያለ ነው። የበግና የከብት ጥርስ ረጅም ሆኖ አናቱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠርዝ አለው። ከብትና በግ በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ የላቸውም። ጥርስ ከሌለና ከተጠራጠራችሁ እንደ ሰው ቁጠሩት። በተለይ ትንንሽ ስስ አጥንቶችን «የዶሮ ነው» ብላችሁ አትጣሉ። የጨቅላ አጥንት ገና ስላልተጋጠመ የሰው አይመስልም። በቁፋሮ በብዛት የሚጠፉት ሕፃናት ናቸው። ስለ አንድ ዘመን ረሃብና በሽታ ብዙ የሚናገሩት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የቅርብ ጊዜ ነው ወይስ የጥንት? የፕላስቲክ ቁልፍ፣ የጫማ ሶል፣ ዚፕ፣ የተሞላ ጥርስ፣ ጥይት፣ ሽቦ ካያችሁ እዚያው አቁሙና ለፖሊስ ንገሩ። የአጥንቱን ቀለም አትመኑ። ቀይ አፈር የቅርቡን አጥንትም የጥንት ያስመስለዋል።

ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉ ሰዎች ቤተሰብ ሳያውቅ በጅምላ ተቀብረዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንዲህ ዓይነት መቃብሮች ሲከፈቱ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ረድተዋል። አጥንት ከስም ጋር የሚገናኘው ማን ከማን አጠገብ እንደነበር ሲታወቅ ነው። ተቀላቅሎ በማዳበሪያ የገባ አጥንት ለእናትም ለችሎትም አይጠቅምም።

የሚታወቅ መቃብር ነው? የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። እዚያ ለብዙ ዘመን የኖሩ የገበሬ ቤተሰቦች የማን መቃብር የት እንደነበር ያውቃሉ። አቀባበሩም ይጠቁማል። በክርስቲያን ሥርዓት ሟች በጀርባው ተንጋሎ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። በእስልምና በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ ይዞራል። ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን ስለሆነች ራሱ ወደ ምሥራቅ ይውላል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ አውጡና የራስ ቅሉ በየት በኩል እንዳለ ጻፉ። ሁለቱንም ካልመሰለ፣ ለምሳሌ እጥፍጥፍ ብሎ ከተቀበረ፣ የቆየ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አጠገቡ የተሰባበረ ሸክላ ወይም ጥቁር መስተዋት የሚመስል የድንጋይ ስብርባሪ ካለ እሱም ባለበት ይቆይ። ከከተማዋ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ባለው መልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከዚህ ድንጋይ መሣሪያ ሠርተዋል። ቦታው የዚህ ድንጋይ መገኛ ከሆነው ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

## ደረጃ 3፦ አሳውቁ

መጀመሪያ ቦታችሁ በማን ሥር እንደሆነ እወቁ። የከተማው ዳር አንዱ ጎን አዲስ አበባ፣ አንዱ ጎን ሸገር ከተማ ነው። ለተሳሳተው ወረዳ ማመልከት ቀናት ይበላል። ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ ጠይቁ። በቃል ብቻ አትመለሱ። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ማኅተም አስመቱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና «ሳንነካ ከልለናል» የሚለውን ጻፉ።

ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አታሰራጩ። ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ሰው ይገባል፣ ጥርስ ይሰረቃል።

## ደረጃ 4፦ ከልሉና መዝግቡ

1. ጥላ አድርጉ። ለዘመናት እርጥበት ውስጥ የኖረ አጥንት ፀሐይ በድንገት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ሸራውን በችካል ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ። አጥንቱ ላይ አታልብሱት።
2. ፎቶ አንሡ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከላይ፣ ከዚያ ቅርብ። በእያንዳንዱ ፎቶ ሜትሩ ይታይ። ሰሜንን በእንጨት ቀስት አመልክቱ። የጂፒኤስ ቁጥሩን ከስልካችሁ ወደ ደብተሩ ገልብጡ።
3. ንድፍ ሣሉ። ሥዕል ባትችሉም ግድ የለም። ራስ፣ እጅ፣ ዳሌ፣ እግር የት እንዳሉ በመስመር ካሳያችሁ በቂ ነው። ከመሬት ወለል እስከ አጥንቱ ያለውን ጥልቀት ለኩ።
4. ሆዱ የነበረበትን አፈር ጠብቁ። ይህን ማንም አያስታውሰውም። ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ባለው አፈር ውስጥ የአንጀት ትል እንቁላል ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ኮሶ የያዘው ሰው እንቁላሉ እዚያው አብሮት ይቀበራል። የኩላሊትና የፊኛ ጠጠርም እዚያው ይገኛል። ሠራተኛ እንደ ተራ ጠጠር ይጥለዋል። በዚህ አካባቢ ማንም እንዳይረግጥ፣ ማንም አካፋ እንዳያሳርፍ።

ዝናብ ከመጣ። ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ በላይኛው ጎን ትንሽ ቦይ ቅደዱ። ሸራውን ዝቅ አድርጉ። ጉድጓዱ መሙላቱ የማይቀር ከሆነ በአጥንቱ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱና ከዚያው የወጣውን አፈር በስሱ በእጅ መልሱበት። ባለሙያ ጨርቁን ሲያይ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

## ደረጃ 5፦ ሳትነኩ አንብቡ

ባለሙያ እስኪመጣ የሚታየውን መመዝገብ ትችላላችሁ። የስልክ ካሜራ በቅርብ ሲያነሣ እንደ አጉሊ መነጽር ያገለግላል። ደብተሩ ላይ «ታሞ ነበር» አትበሉ። «የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ሁለት አግድም መስመር አለ» በሉ። ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ።

### ጥርስ

ከጥርስ ጀምሩ። ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። አጥንት በሕይወት ዘመን ራሱን ያድሳል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ግን በልጅነት አንዴ ከተሠራ አይታደስም። የአራት ዓመት ልጅ ያገኘው ረሃብ በስድሳ ዓመቱም ጥርሱ ላይ ይነበባል።

- ዕድሜ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ በ6 ዓመት ግድም ይወጣል፣ ሁለተኛው በ12፣ የመጨረሻው ከ17 በኋላ። የወተት ጥርስና ቋሚ ጥርስ አብረው ካሉ ልጅ ነው።
- አግድም መስመር ወይም ቦይ። የፊት ጥርሶችንና የውሻ ክራንቻውን እዩ። ጥርሱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ካለ፣ ልጁ በከባድ ትኩሳት፣ በረሃብ ወይም ጡት ሲጥል በደረሰበት ጉዳት ምክንያት የጥርሱ ዕድገት ለጊዜው ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ግን ተርፏል፤ ጥርሱ ዕድገቱን ቀጥሏልና። ጥርስ ከጫፉ ወደ ሥሩ ስለሚሠራ ወደ ጫፉ የቀረበ መስመር የቀደመ ዕድሜን ያሳያል። ስንት መስመር እንዳለና የጥርሱ ሽፋን ከሥሩ ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ያለውን ርቀት ጻፉ። መስመሩ ምክንያቱን አይነግራችሁም፤ ረሃብ ይሁን ኩፍኝ አይለይም።
- ቡናማ ጥርስ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ በኩል፣ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለው። በዚያ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። የተጎዳው ጥርስ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ከሆነ ፍሎራይድ መጠርጠር ይቻላል። በአዲስ አበባ ዳር እንዲህ ያለ ጥርስ ከተገኘ «ይህ ሰው የት አደገ?» የሚል ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። የአፈር ቀለምም ግን ያበልዛል። የአፈር ከሆነ ስንጥቅ ውስጥና ሥሩ ላይም ይታያል።
- የተቦረቦረ ጥርስ። ስታርችና ጣፋጭ የሚበዛበት አመጋገብ ጥርስ ይቦረቡራል። ብዙ ሰው «እህል ማረስ ከተጀመረ በኋላ ነው» ይላል። በሞሮኮ ታፎራልት ዋሻ ግን ከ13,700 እስከ 15,000 ዓመት በፊት ከኖሩ አዳኝና ለቃሚ ሰዎች ጥርስ ከግማሽ በላዩ የተቦረቦረ ሆኖ ተገኝቷል። የባሉጥ ዛፍ ፍሬ አዘውትረው ይበሉ ነበር። ስለዚህ የተቦረቦረ ጥርስ አይታችሁ «ገበሬ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ።
- ያለቀ ጥርስ። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ይይዛል። ጥርስን ጠፍጣፋ አድርጎ ይበላዋል። እንዲህ የሚበላ ሰው ጥርስ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል።
- የደነደነ ቆሻሻ። ጥርሱ ሥር ግራጫ ድንጋይ መሰል ነገር ካለ በምንም ዓይነት አትፋቁት። የበላው እህል ስታርችና የአፉ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. እዚያ ውስጥ ታሽጓል። በጥርስ ብሩሽ አንድ ጊዜ ማጠብ ይህን ሊያጠፋ ይችላል።

### የራስ ቅል

የዓይን ጉድጓዱ ጣሪያ ከታየ የወንፊት ዓይነት ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ። ብዙ ጊዜ ከልጅነት የደም ማነስ ጋር ይያያዛል። የደም ማነሱ ከምግብ፣ ከአንጀት ትል ወይም ከወባ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ቦታው ያግዛል። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለሚል ወባ የሚያስቸግርበት አገር አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ምግብና ትል ይጠረጠራሉ፤ ወይም ሰውየው ከቆላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከራስ ቅሉ ጎን፣ ከጆሮው በስተውስጥ ያለው ጠጣር አጥንት ከሰውነት ሁሉ ዲ.ኤን.ኤ. በደንብ የሚይዘው ነው። በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው የዘር መረጃ የተነበበው ከዚህ አጥንት ነው። ጭብጥ የማይሞላ ስብርባሪ ነውና «ምንም አይደለም» ብላችሁ አትጣሉት።

### አከርካሪና መገጣጠሚያ

ሁለት ሦስት የአከርካሪ አጥንቶች ከፊት በኩል ፈርሰው ጀርባው ከጎበጠ ቲቢ ይጠረጠራል። በሽማግሌ ወይም በአሮጊት ላይ ከሆነ ግን አጥንት መሳሳትም እንዲህ ያደርጋል። በአከርካሪው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ካሉ ከባድ ሸክም አንዱ ምክንያት ነው። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የወረደች ሴት ወገቧ ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ ቶሎ ለመፍረድ እንፈተናለን። ቆም በሉ። ዕድሜና ዘርም ያመጡታል።

መገጣጠሚያው ላይ የሚያብረቀርቅ፣ የተወለወለ ቦታ ካለ በመሃል ያለው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ ኖሯል። ያ ሰው መገጣጠሚያውን ሲያንቀሳቅስ ሳያመው አልቀረም። በሶርያ አቡ ሁሬይራ የተገኙ የጥንት ሴቶች የእግር አውራ ጣት፣ ጉልበትና ወገብ ተጎድቶ ተገኝቷል። አጥኚዎች ተንበርክኮ በድንጋይ ከመፍጨት ጋር አያይዘውታል። ወፍጮ ፈጭታ ያደገች አያት ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቁምነገሩ የአንድ ሰው ጉልበት አይደለም። ብዙ ሴቶች ላይ በተመሳሳይ ቦታ መደጋገሙ ነው።

### እጅና እግር

የጠገነ ስብራት ያበጠ ቋጠሮ አለው። ቀጥ ብሎ ከገጠመ ወጌሻ ይዞት ሊሆን ይችላል። ተጣሞና አጥሮ ከገጠመ ማንም አላሰረው ይሆናል፣ ወይም ሰውየው ሳያርፍ ሥራ ገብቶ ይሆናል። የክንድ አጥንት ስብራት ከዱላ መከላከል ሊሆን ይችላል፣ ከመውደቅም ሊሆን ይችላል።

የተንጋደደ የጭንና የቅልጥም አጥንት በልጅነት የቫይታሚን ዲ እጥረትን ያሳያል። ፀሐይ በሞላበት አገርም ሕፃንን ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማቆየት ያመጣዋል። አፈር ተጭኖትም ግን አጥንት ሊጎብጥ ይችላል።

ከባድ ጉዳት ደርሶበት ለዓመታት የኖረ ሰው ካያችሁ በተለይ መዝግቡ። በኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ የተገኘ አንድ የኒያንደርታል (ከእኛ የተለየ፣ ዛሬ የጠፋ የሰው ዝርያ) ሰው ቀኝ ክንዱ የሰለለና አንድ ዓይኑ የተጎዳ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። አጠገቡ የሚረዳው ሰው እንደነበረ ብዙ አጥኚዎች ይገምታሉ።

## ደረጃ 6፦ የተሳሳተ ንባብን አጣሩ

ማስታወሻችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ።

ስብራቱ የመቼ ነው? ጠርዙ ከቀረው አጥንት ይልቅ ነጣ ካለ የዛሬው ዶማ ነው። ጠርዙ እንደ ሌላው ጠቁሮ ከሆነ የድሮ ነው። ቋጠሮ ካለው ሰውየው ከስብራቱ በኋላ ኖሯል።

ቀዳዳው የምንድን ነው? የዛፍ ሥር አጥንት ላይ የተጠማዘዘ ቦይ ይቆፍራል። አይጥ ጥርሷን ስትስል ትይዩ ጭረት ትተዋለች። ጅብ ጫፉን ይበላል። ሦስቱም በሽታ ይመስላሉ።

ምልክት የሌለው አጥንት ጤነኛ ነበር? አይደለም። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ነው። አጥንት ምልክት የሚያወጣው በሽታው ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ነው። ኮሌራ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ አጥንት ላይ ምንም አይተውም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ላይ ያለቀው ሰው አጥንቱ ቢገኝ ጤነኛ ይመስላል። በተቃራኒው አጥንቱ ጠባሳ የሞላበት ሰው በሽታውን ተቋቁሞ የኖረው ጠንካራው ሊሆን ይችላል። «ንጹሕ አጥንት» ካያችሁ «ምልክት አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ አትለፉ።

ወንድ ነው ሴት? የራስ ቅሉን አይታችሁ አትወስኑ። ዳሌ ይሻላል። የልጅ ከሆነ ከዳሌም አይታወቅም። ባዶ ተዉት።

## ደረጃ 7፦ ርክክብ

ባለሙያው ሲመጣ ደብተሩን፣ ንድፉንና የፎቶዎቹን ቅጂ ስጡ። ቅጂ ለራሳችሁም አስቀሩ። የተረከበውን ሰው ስምና ፊርማ ተቀበሉ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

- «ከዳሌው አካባቢ አፈር ይወሰዳል? ለማነጻጸሪያ ከራስና ከእግር አጠገብስ?»
- «ጥርሱ ሳይታጠብ ይሄዳል?»
- «ምን ይበላ እንደነበር የሚያሳየው የካርቦን ምርመራ ይደረግለታል?» ይህ የሚጠቅመው ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ በአጥንት ውስጥ የሚተዉት የካርቦን ዓይነት ከገብስ፣ ከስንዴና ከእንሰት ስለሚለይ ነው። የሣር በል ከብት ሥጋና ወተትም ውጤቱን ስለሚቀላቅለው መልሱን በጥንቃቄ ያነቡታል።
- «ቤተሰብ ወይም ማኅበረሰብ ይገባኛል ካለ መልሶ የመቅበሩ ነገር እንዴት ይሆናል?» ይህን በሽማግሌዎቹ ፊት ጠይቁ። ጸሎት ማድረግ ከፈለጉ አጥንቱ ሳይነሣ በፊት ጊዜ ይሰጣቸው። ከጥናቱ ጋር አይጋጭም።

## ነገሩ ቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነ

አጥንቱ ማዳበሪያ ገብቷል። አትለቅሙት፣ አትደርድሩት፣ አትጠቡት። ማዳበሪያውን ቀድዳችሁ ክፈቱና ጥላ ሥር ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፤ በቀስታ ይድረቅ። ያወጣውን ሠራተኛ ወዲያው አነጋግሩ፦ ራሱ በየት በኩል ነበር? በጀርባ ነው በጎን? ምን አብሮት ነበር? እስከ ነገ ይረሳዋል። ከአንድ በላይ ሰው መኖሩን ለማወቅ አንድ ዓይነት አጥንት ሳትነኩ በዓይን ቁጠሩ። ሁለት የግራ ጭን አጥንት ካለ ቢያንስ ሁለት ሰው ነው።

ታጥቧል። የቀረውን አድኑ። ያልታጠበ ጥርስ ወይም ከጆሮ በስተውስጥ ያለው አጥንት ካለ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ በፎይል ጠቅልሉት፤ ለብቻው ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ከረጢቱ ላይ «ሌላው ታጥቧል» ብላችሁ ጻፉ። መደበቅ ቤተ ሙከራውን ያሳስታል።

በሙጫ ተለጥፏል ወይም ቫርኒሽ ተቀብቷል። ለማስለቀቅ አትሞክሩ። ምን ዓይነት ሙጫ እንደሆነ ጻፉ፤ ቱቦው ካለ አብራችሁ ስጡ።

አፈሩ ተጭኖ ሄዷል። የገልባጩን ሹፌር የት እንደደፋው ጠይቁ። ክምሩ ካለ በሸራ ሸፍኑት። ጥርስ ጠንካራ ስለሆነ በወንፊት ሲነፋ ይገኛል። መንፋቱን ግን ባለሙያው ይጀምረው።

ሌላ ቦታ ተቀብሯል። አትቆፍሩት። አዲሱን ቦታ፣ የወጣበትን ጉድጓድና ማን እንደቀበረው ጽፋችሁ በደረጃ 3 እንዳለው ለወረዳው አሳውቁ። ከወጣበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የቀሩ ስብርባሪዎች ካሉ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፎቶ አንሡ።